የእናት ቤት በሁለት ጎማ

ሐምሌ 12

ሚስቴ ጣይቱ «አውቶቡስ አለ» ትላለች። አውቶቡስ መኖሩን እኔም አውቃለሁ። ሠላሳ ዓመት ሱዳን፣ ገዳሪፍ የኖርሁ ሰው ነኝ፤ ጧት ከመናኸሪያ የተነሣ አውቶቡስ ለምሳ ድንበሩ ላይ፣ ገላባት እንደሚደርስ የሚነግረኝ አልፈልግም። ነገሩ የአውቶቡስ አይደለም። ነገሩ የወግ ነው።

የበኩር ልጅ የሚወለድ በእናት ቤት ነው። አንዲት ልጃችን እሌኒ መተማ ዮሐንስ ላይ ሆዷ ገፍቷል፤ ሐኪሙ የቀጠራት ለእንቁጣጣሽ ነው። ወደ እኛ ትምጣ እንዳንል እዚህ ጦርነት ነው፤ ድንበሩም ሲያሻው ይከፈታል ሲያሻው ይዘጋል። እኛ እንሂድ እንዳንል የት ነው የምንገባ? ባሏ ተሻለ ቤት? ሴት ልጅን በአማች ቤት ማዋለድ! አባቴ ቢሰማ ከመቃብሩ ይነሣል።

ደግሞም እናት ቤት የሚባለው ከእጃችን ወጥቷል። የተከራየነውን ቤት ባለቤቱ ከካርቱም ለተፈናቀሉ ዘመዶቹ ፈልጎ ልቀቁ ብሎናል። የቀረን ቪላው ብቻ ነው።

ቪላው ማለት የእርዳታ መሥሪያ ቤቴ ትቶልኝ የሄደ ተጎታች ቤት ነው። ዕድሜዬን ያስተረጎምሁላቸው ነጮች ጦርነቱ ሲገፋ ጥለው ሲወጡ፣ አለቃዬ እጄን ጨብጦ «ክንፉ፣ ይህ ያንተ ነው» አለኝ። ነጭ ነው። ሁለት ጎማ፣ የሚታጠፍ አልጋ፣ የሚታጠፍ ጠረጴዛ፣ ሁለት እጅ አብሮ የማያስገባ የእጅ መታጠቢያ አለው። ጣይቱ «የዶሮ ቆጥ» ትለዋለች። ቆጥም ቢሆን የእናት ቤት ነው። ልጄ ወደ ቤቱ መምጣት ካልቻለች ቤቱ ወደ ልጄ ይሄዳል። ይህን ያሰብሁ እኔ ብቻ መሆኔ ይገርመኛል።

ሐምሌ 15

ሹፌሩን ደረሰን አነጋገርሁ። የቋራ ልጅ ነው፤ ለእርሻዎቹ ሠራተኛ የሚያመላልስበት ቦክሲ አለው፤ ኋላዋ ክፍት የሆነች ቶዮታ። ቪላውን ዞሮ ዞሮ አየና፣

«ጋሽ ክንፉ፣ የዚህ ነገር ጎማ የሕፃን ነው እኮ» አለ።

«ጎማ ጎማ ነው።»

«የምንሄድ በክረምት ነው።»

«መንገዱ አስፋልት ነው።»

«ነበረ» አለ። ነገረኛ ሰው ነው፤ ግን ከሱ ሌላ እሺ ያለኝ የለም።

ጣይቱ ጎማ የሚል ቃል ሰምታ «ለተሻለ ደውለህ ብትጠይቀው ምናለ?» አለች። አማቻችን ጎሚስታ መሆኑን በየቀኑ ማስታወስ ደስ ይላታል። ልጄን እንደዚያ አስተምሬ፣ ዐረብኛ እንግሊዝኛውን አስጠንቼ፣ ጎማ ለሚነፋ ሰው! ያውም ሽማግሌ የላከው በስልክ ነው። ድንበር ተዘጋ ብሎ ሽማግሌዎቹን መተማ ላይ ሰብስቦ፣ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጎ «ልጅዎን ለልጃችን» አስባለ። ሽማግሌ እኮ ተቀመጡ እስኪባል ቆሞ ነው የሚለምን። እነዚያ ቆመው ይሁን ተጋድመው እኔ በምን አውቃለሁ? አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል። አልደውልም።

ሐምሌ 17

ቪላው ከግቢው አይወጣም። በሩ ጠበበ። ታዲያ ሲገባ እንዴት ገባ? ጣይቱ «ያኔ አጥር አልነበረም። አጥሩን ያጠርህ አንተ ነህ» አለች። አጥር ፈረሰ፤ ቪላው ወጣ። ባለቤቱ መጥቶ ጮኸ። አጥር ታጠረ። ወገቤን።

ሐምሌ 18

ሁሉ ነገር ተሰናድቷል። ደረሰ ዛሬ እንነሣ አለ። ነገ ገብርኤል ነው፣ ረጅም መንገድ በቀኑ ነው የሚጀመር አልሁት። ጣይቱ «ረጅም መንገድ!» ብላ ሣቀች። ትሣቅ።

ሐምሌ 19

ተነሣን! ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ ሸኘን። ጣይቱ ከፊት ከደረሰ ጋር፣ እኔ ከኋላ ቪላው ውስጥ። በመስኮቱ እጄን አወዛወዝሁ። የሰው ዐይን እንዳይበላን ብቻ ነው የሰጋሁ።

ያው ቀን፣ ከምሳ በኋላ

ከከተማው መውጫ ኬላ ላይ ቆመናል። ወታደሩ መኪና ነው ወይስ ቤት ነው ይላል። መኪና ከሆነ ሞተሩ የታለ? ቤት ከሆነ ለምን ይሄዳል? ጥርት ባለ ዐረብኛ አስረዳሁት። ባላስረዳው ይሻል ነበር። መኮንኑን ጠራብኝ።

ሐምሌ 22

መኮንኑ ጨዋ ሰው ነው። «ያ ሐጅ፣ እስቲ ውስጡን ልየው» ብሎ ገባ፤ እዚህ አገር ሽማግሌ ሁሉ ሐጅ ነው። አልጋውን ዘርግቼ አሳየሁት። በባትሪ የሚሠራ ማራገቢያ እንዳለውም አሳየሁት፤ እዚህ ላይ ነው የተሳሳትሁ። «ለምርመራ» ብሎ ጋደም አለ። የከሰዓቱ የዐስር ሶላት ሲደርስ ተነሣና ጉዳዩ ገና አልጠራልኝም፣ ቡክራ አለ፤ ነገ ማለቱ ነው። በነገውም ምሳውን በልቶ መጥቶ መረመረ። ዛሬም እየመረመረ ነው። ይህን የምጽፍ ራኩባው፣ የሣር ዳሱ፣ ጥላ ሥር ተቀምጬ፣ ማንኮራፋቱን እየሰማሁ ነው።

የገላባቱ አውቶቡስ አለፈ። ጣይቱ እስኪሰወር ድረስ ዐይኗን አልነቀለችም።

ሐምሌ 23

ደረሰ ማራገቢያውን ፈቶ ለመኮንኑ ሰጠው። እኔን ሳያስፈቅድ! ወዲያው ተለቀቅን። ታዲያ መኪና ተብሎ ነው ወይስ ቤት ተብሎ የተፈቀደልን ብዬ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ጣይቱ በመዳፏ ከደነችው።

ሐምሌ 25

ጎማ ፈነዳ። የግራው። ዝናብ። መለዋወጫ የለም። ደረሰ «ብዬዎት ነበር» ሊል ፈልጎ ተወው። ብሎኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ሐምሌ 28

ደረሰ ገዳሪፍ ተመልሶ ሱቁን ሁሉ አሰሰ። የቶዮታ አለ፣ የትራክተር አለ፣ የአህያ ጋሪ አለ። ለቪላው የሚሆን የለም።

«ተሻለ እኮ...» አለች።

«ጣይቱ!»

ከዚያ ስልኳን ይዛ ልሸና ብላ ከቁጥቋጦው ኋላ ሄደች። ብዙ ቆየች። ሆዷን ሳያማት አይቀርም።

ነሐሴ 1

ፍልሰታ ገባ። ተአምርም ይዞልን ገባ! ከገላባት የሚመለሰው አውቶቡስ አጠገባችን ቆመ፤ ረዳቱ ከላይ ጎማ ወረወረ። አንድም አይደለም፣ ሁለት። ደረሰ ቢያስገባው ልክክ አለ። ለገብርኤል ተስዬ ነበር፤ ሰማኝ። ጣይቱ እንደኔ አልተደነቀችም፤ እምነቷ ቀዝቅዟል መሰለኝ። ማን ላከው ብዬ ረዳቱን አልጠየቅሁም። የተአምር ባለቤት አይጠየቅም።

ነሐሴ 6

ዶካ ከተማ። ለአንድ ሌሊት ነበር ያሰብነው። ጧት በሩን ስከፍት ሰልፍ አለ።

ለካ የመሥሪያ ቤቴ ዓርማ ቪላው ላይ እንዳለ ነው። በዚህ አገር ዓርማ ያለበት ነጭ ነገር ቆሞ ሰው ሳይሰለፍ አይቀርም። ለሰሊጥ አረማ የመጡ የጎንደር ልጆች አሉ፤ ከወድ ኤል ሒለው የስደተኛ ሰፈር የመጡ በትግርኛ ያወራሉ፤ ከካርቱም የተፈናቀሉ ሱዳኖችም አሉ። ምን እንደሚታደል የሚያውቅ የለም። አንዱ «ስንዴ ነው» ይላል። ሌላው «የወባ መድኃኒት ነው» ይላል። አንዲት ሴት «ካናዳ ነው» ብላ የልጆቿን ፊት በምራቋ ትጠርጋለች።

ምንም የለም፣ ሂዱ ማለት ይቻል ነበር። ጣይቱም ያንኑ ነው ያለችኝ። ግን ሰው ተሰልፎ ሳይመዘገብ ሲመለስ አንጀቴ አይችልም። የሚታጠፈውን ጠረጴዛ ዘረጋሁ። ስም፣ የአባት ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ የቤተሰብ ብዛት።

ነሐሴ 8

ሰልፉ ጨምሯል። ነፍሰ ጡሮችንና አዛውንቶችን ለይቼ ከፊት አድርጌያለሁ፤ ሥርዓት ይዟል። «ኡስታዝ ክንፉ» ይሉኛል። እንዲህ ከተከበርሁ ቆየሁ።

«ለምንድን ነው የምትመዘግባቸው?» አለች ጣይቱ።

«መረጃ ነው።»

«ለማን?»

ቀጣዩን ስም ጻፍሁ።

እሌኒ ደውላ ነበር፤ ሥራ ላይ ስለሆንሁ አላነጋገርኋትም። እግሯ አብጧል አለች እናቷ። ነገ እደውላለሁ።

ነሐሴ 9

ድንጋይ! እደላው መቼ ነው አሉ። እኔ አስተርጓሚ ነኝ አልኋቸው። የማን አስተርጓሚ አሉኝ። አንዱ መስኮት ረገፈ። ደረሰ ሞተሩን አስነሣ፣ መደገፊያውን እንኳ ሳናነሣ እየጎተትን ወጣን። ያን ሁሉ ስም በጥሩ ጽሕፈት ጽፌላቸው! ለሰው ደግ መዋል ይኸ ነው ትርፉ።

ሳልደውል መሸ።

ነሐሴ 10

ጣይቱ ዛሬ ሄደች። እኔ ነኝ የላክኋት፤ አንድ ሰው ቀድሞ ሁኔታውን ቢያይ ይሻላል ብዬ።

አነጋገሯ ግን ትንሽ ሻከረብኝ። ጧት ስነሣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ፌስታሏን ይዛ አስፋልቱ ዳር ቆማለች።

«ወዴት ነው?» አልኋት።

«ልጄ ዘንድ።»

«ያለ ቤት?»

«ክንፉ» አለች። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። «የእናት ቤት እናት ያለችበት ነው። አንተ ቆጥህን ጎትት።»

«አማችሽ ቤት ገብተሽ ልታዋልጂ ነው? ሰው ምን ይላል?»

«ሰውማ ሞልቶህ! ዶካን ሙሉ መዝግበህ የለም? ጠይቃቸው።»

አውቶቡሱ ቆመ፤ ወጣች። በመስኮት አላየችኝም። በዚያኛው በኩል ይሆናል የተቀመጠች።

ደረሰ ጎማውን እየነካካ «ጋሽ ክንፉ፣ እርስዎም ተከትለው ቢሄዱ እኔ ቀስ ብዬ አመጣዋለሁ» አለ። ቤቴን ለሰው ትቼ ነው የምሄድ? አልሁት። ማታ ሽሮ ልሠራ ብዬ ምድጃው እንዴት እንደሚለኮስ አላውቅም ለካ። ዳቦ በውኃ በላሁ። ጾም ነው፤ ደግ ነው። ቪላው ከመቼ ወዲህ እንደዚህ እንደሰፋ እንጃ።

ነሐሴ 13

ቡሄ። ጅራፍ የለ፣ ችቦ የለ፣ ሙልሙል የለ።

ወደ ገላባት በዋናው መንገድ ሌላ ኬላ ተተክሏል አሉ። ሌላ መኮንን፣ ሌላ ምርመራ። እኔ አቋራጭ አውቃለሁ፤ ሁለቱ አገሮች በሚወዛገቡበት በፋሽጋ እርሻዎች መሐል የሚወጣ። ደረሰ «ጭቃ ነው» አለ። ከትናንት በስቲያ ጀምሮ ፀሐይ ነው አልሁት። «የዚህ አገር ጭቃ ከላይ ይደርቃል እንጂ ከታች እንዳለ ነው» አለ። የምከፍልህ እኔ ነኝ፣ የማዝህም እኔ ነኝ አልሁት።

ያው ቀን፣ ማታ

ያዘዝሁ እኔ ነኝ። ቪላው እስከ ሆዱ ገብቷል። ቦክሲዋም አብራ ገብታለች። ጭቃው የደረሰን ጫማ ወስዶ አልመልስ አለ። እሱ በባዶ እግሩ ቆሞ ሰማዩን ብቻ አየ።

ነሐሴ 18

ዝናብ በዝናብ ላይ። ለዚህ ጭቃ ነው ሁለት አገር የሚጣላ? የፈለገ ይውሰደው፤ ብቻ መጀመሪያ ቪላዬን ያስለቅቀኝ።

ስልክ አይሠራም። ደረሰ ከአንዲት የግራር ዛፍ ላይ ወጥቶ ሞከረ፤ እሾህ ብቻ ነው ያተረፈ።

እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። የእሌኒ እግር አብጧል አለች ጣይቱ። እናቷም እሌኒን ስታረግዝ እግሯ አብጦ ነበር። ያኔ አዲስ ስደተኞች ነን፣ መጠለያ ሰፈር፣ ሸራ ሥር ነን፤ እናት የለ፣ አክስት የለ፣ ገንፎ የሚያገነፋ ዘመድ የለ። ምጡ ሲጠናባት በአህያ ጋሪ ጭኜ ሮጥሁ። እዚያው ጋሪው ላይ እጇ ሲቀዘቅዝ ይዤው ነበር። ተረፈች፤ ልጅ ግን ዳግመኛ አልወለደችም። እናቷ ቤት ቢሆን ኖሮ እንደዚያ አትሆንም ነበር። ይህን ከማንም ጋር አልከራከርም። ቤት ያስፈልጋል። ቤት ይዤ ነው የምሄድ።

ነሐሴ 24

ተክልዬ ደረሱልን። ከአንዱ እርሻ ትራክተር መጣ። ነጂው ሱዳናዊ ሽማግሌ ነው፤ ቪላውን አይቶ ሊሞት እስኪደርስ ሣቀ። ከዚያ እኔን አየና ሣቁን ዋጠው። ጎትቶ አወጣን፤ የወጣነው ግን በገባንበት በኩል ነው። ዶካ እንደገና! ሰው ሳያየን በሌሊት አለፍናት።

ነሐሴ 28

ገላባት። ወንዙ ማዶ መተማ ዮሐንስ ነው፤ የቤቱ ቆርቆሮ ይታያል፣ ውሻው ይሰማል። ያ ሁሉ የፈራነው አዲስ ኬላ መኮንን ቀርቶ ወታደርም አልነበረበትም፤ አንድ ፍየል ብቻ ቆማበታለች። ደረሰ ጥሩንባ ነፍቶ ፍየሏን ብቻ ገሠጻት። ደግ ሰው ነው።

ሰው ያልፋል። ቪላው ግን አያልፍም። ጀማሪክ፣ ጉምሩኩ ማለት ነው፣ ቤት ከአገር ለማስወጣት ከበላይ ፈቃድ ይመጣል አለኝ። መቼ? ቡክራ።

ስልኩ እዚህ የኢትዮጵያን መስመር ይስባል። ጣይቱ አነሣች።

«መቼ ነው የምትመጣ?»

«ወረቀቱ ነገ ይመጣል።»

«ልጅህ ትጠይቃለች።»

«ደህና ናት?»

«መጥተህ እያት» ብላ ዘጋችው።

ልሂድ ብል ልሄድ እችላለሁ። ግን ቤቱን አውላላ ሜዳ ላይ ጥዬ፣ ባዶ እጄን እያጨበጨብሁ፣ ጎሚስታው ደጃፍ ልቁም? ነገ ነው ብሏል። ነገ ሩቅ አይደለም።

ጳጉሜን 2

ነገ አልመጣም።

ወደ አገሩ የሚመለስ ሰው ሜዳውን ሞልቶታል። ከቪላው አጠገብ ላስቲክ ወጥራ የምታድር ልጅ አለች፤ ኑሪያ ትባላለች፣ የከሚሴ ልጅ። ገዳሪፍ ሰው ቤት ትሠራ ነበር። ባሏ ወደ ሊቢያ እሻገራለሁ ብሎ ከሄደ ወዲህ ወሬው የለም። መታወቂያ ስለሌላት ማንነትሽ ይጣራ ብለው አስቀምጠዋታል። ሆዷ ከእሌኒ አያንስም።

«አባባ፣ ቤትዎ ውስጥ ማን አለ?» አለችኝ ዛሬ።

«ማንም። ለልጄ ነው።»

«ታድላ» አለች።

ማታ በሩን ስቆልፍ ቁልፉ አልዞር አለኝ። ዝገት ይሆናል። በሜዳው ላይ ያለውን ሁሉ እኔ ላሳድረው አልችልም።

ጳጉሜን 3

ሩፋኤል። ዝናቡ ከጧት ጀምሮ ወረደ፤ ሰው ጠበል ነው ብሎ ወጥቶ ተመታበት። የኑሪያን ላስቲክ ግን ጎርፍ ወሰደው።

በሬ በጡጫ ተደበደበ። ሳብሪን ናት፤ ከኬላው አፍ ሻይ የምትሸጥ ሱዳናዊት። «ያ ሐጅ፣ ክፈት! ልጅቷ ምጥ ይዟታል! ክፈት!»

ይህ ቤት የእሌኒ ነው ልል ነበር። አላልሁም። ምላሴ ጫፍ ላይ መድረሱን ግን ልጻፈው።

ከፈትሁ። ሴቶቹ ደግፈው አስገቧት፤ እኔን ከገዛ ቤቴ ገፍተው አስወጡኝ። ድምፅዋ በተሰበረው መስኮት ይወጣል። «እማዬ» ትላለች። «እማዬ ድረሽልኝ።» እናቷ ከሚሴ ናት፤ ማን ይመልስላት? ዝናቡ ውስጥ ቆሜ ሩፋኤልን ለመንሁት። የእስላም ልጅ ናት ብዬም ነገርሁት፣ በኋላ እንዳይቀየመኝ። ቀጥሎ ለእኔም ልጅ አልሁት። ደረሰ መጥቶ እጄን ያዘኝ።

ወንድ። ሳብሪን እጅጌዋን እንደሰበሰበች ወጥታ አቀፈችኝ፤ ልብሴን ደም በደም አደረገችው። ያላትን ስኳር ሁሉ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ገልብጣ፣ ሻይ አፍልታ ሜዳውን ሙሉ አጠጣች።

ጳጉሜን 4

ወረቀቱ መጣ! ማኅተሙም ፊርማውም ተሟልቶ። የጉምሩኩ ሹም «ያ ሐጅ፣ የሚያገለግለው ለዛሬ ብቻ ነው። የዐስር ሶላት ሳይደርስ ይውጣ» አለ።

ደረሰ ቦክሲዋን አስጠግቶ መንጠቆውን አያያዘ። ዕቃ ላደላድል በሩን ከፈትሁ። ኑሪያ ሕፃኑን ደረቷ ላይ አድርጋ የሚታጠፈው አልጋ ላይ ተኝታለች። የሞተሩን ድምፅ ሰምታለች።

«እንውረድ አባባ?» አለችና እግሯን ልታወርድ ተንፏቀቀች። ፊቷ ወረቀት ሆኗል።

አራስ እኮ ናት! አራስ ከቤት አትወጣም፤ አርባ ቀኗ ሳይደርስ ደጅ የሚያወጣት የለም፤ በእኛም በእነሱም ይኸው ነው። ከነቤቱ ልጎትታት እንዳልል መታወቂያ የላትም፤ ኬላው ላይ አውርደው ጭቃው ላይ ያስቀምጧታል። ወግ ወግ እያልሁ ከገዳሪፍ ጀምሬ ሰውን ሁሉ ያንገላታሁ እኔ ነኝ። አሁን ደግሞ ወግ አስከብራለሁ ብዬ አራስ ከቤት ላስወጣ?

«ተኚ» አልኋት። «ማንም የሚያወርድሽ የለም።»

ደረሰ መንጠቆው ላይ ጎንበስ ብሎ ያየኛል።

«ልፍታው?»

«ፍታው።»

ወረቀቱን ወስጄ ሹሙ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥሁለት። በየቀኑ እየመጣህ ስትጨቀጭቀኝ ከርመህ ምን ነካህ አለ። «ውስጡ አራስ አለች» አልሁት። «ማሻአላህ» አለ፤ ወታደሩንም ጠርቶ ይህን ቤት ማንም እንዳይነካው ብሎ አዘዘ። ቁልፉን ለሳብሪን ሰጠሁ። አብራት ታድራለች። «ከአርባ ቀን በኋላስ?» አለችኝ። ከዚያስ ወዲያ ማን ደፍሮ ያስወጣታል አልኋት። ደረሰ ሲሰናበተኝ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ፤ እኔ ነበርሁ የእሱን መሳም የነበረብኝ።

ድልድዩን በእግሬ ተሻገርሁ። ቅያሪ ሸሚዝና ይህ ደብተር በፌስታል። ከሱዳን ባዶ እጄን ገባሁ፤ ዕድሜዬን ሁሉ የፈራሁት ይኸንን ነበር። ማንም ዞር ብሎ አላየኝም። ሁሉም እንደኔው ፌስታል ይዟል።

የአማቻችን ቤት ከጎማ መጠገኛው ጀርባ ያለች አንድ ክፍል ናት። እሌኒ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ እግሯን በርጩማ ላይ ሰቅላለች። እኔን አየች፤ ከኋላዬም አየች።

«አባዬ! ቤቱስ?»

«አራስ አለበት» አልኋት።

መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ሣቀች፤ ሣቋ ወደ ልቅሶ ዞረ፤ እኔም አብሬ የሆንሁትን ሆንሁ። ጣይቱ ከውስጥ ብቅ ብላ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። «ከሳህ» አለች።

ተሻለ ውኃ አምጥቶ ጎንበስ ብሎ እግሬን አጠበኝ። «ጎማዎቹ ጥሩ ነበሩ» አልሁት። ቀና ሳይል «እንኳን ልካቸው ሆነ» አለ።

ወደ ውስጥ ግባ አሉኝ፤ አልገባሁም። ቤቱን ብተው ወጉን ሁሉ አልተውሁም። መጠገኛው ውስጥ ጎማዎቹ መሐል አነጠፉልኝ።

መስከረም 1

ጧት ምጡ መጣ። ጤና ጣቢያ ትሂድ ቢባል አዋላጇ ራሷ መጣች፤ ደርሷል፣ አትነቃነቅ አለች። ሴቶቹ ተሻለን ገፍተው አስወጡት። መጥቶ አጠገቤ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠ። አበባየሆሽ የሚሉ ልጃገረዶች በደጁ አለፉ፤ ሁለታችንም ቀና አላልንም።

እሌኒ «እማዬ!» ትላለች።

«አለሁ! አለሁልሽ!» ትላለች ጣይቱ።

እንደገና «እማዬ!» እንደገና «አለሁ!» ሌላ ነገር አልሰማሁም። ያን ያህል መንገድ ቤት ስጎትት እኔ ይህን ድምፅ ነበር የምፈልግ፤ ድምፁ ደግሞ ከነሐሴ ዐሥር ጀምሮ እዚህ ነበረ። በአውቶቡስ ነው የመጣ።

ተሻለ የጎማውን ጥርስ በጥፍሩ ይፍቃል። እጄን ትከሻው ላይ ጣል አደረግሁ። ላጽናናው ነው እንጂ እኔስ ደህና ነበርሁ።

ከዚያ እልልታው ቀለጠ። በእኛ አገር ለወንድ ሰባት ነው፣ ለሴት ሦስት፤ ደጅ የቀረ ወንድ ምን እንደተወለደ የሚያውቀው ቆጥሮ ነው።

«ስንት ነው ያሉት?» አልሁት።

ዐይኑን በቅባታም እጁ እየጠረገ «አልቆጠርሁም» አለ። «እርስዎስ?»

«እኔም አልቆጠርሁም።»

ጣይቱ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። «እንኳን ማርያም ማረችሽ አትሏትም እንዴ! ምን ይገትራችኋል? ግቡ!»

ከተሻለ ቀድሜ ገባሁ።